ሜኑው ሲቀየር ጥፋተኛው ማን ነው? ስለ ፕሮግራም ገጽታ ለውጥ የሚነገሩ ስሕተቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ እንጀራው በኮምፒውተር ላይ የተመሠረተ ሰው ብዙ ነው፤ ማመልከቻና ውል የሚጽፈው፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ጉርድ ፎቶ የሚያወጣው፣ «ታይዋን» በተባለው ገበያ የሚነግደውን ሰው ሒሳብ የሚይዘው፣ በየትምህርት ቤቱ ሮስተር የሚሞላው። እነዚህ ሰዎች ከፕሮግራሙ የሚፈልጉት ትልቅ ነገር አይደለም፤ ትናንት ያገኙትን ዛሬም እዚያው እንዲያገኙት ነው። ፕሮግራሙ ግን በየጥቂት ዓመቱ መልኩን ይቀይራል። ያን ጊዜ ከባለሙያውም ከአለቃውም አፍ የማይጠፉ አባባሎች አሉ። አብዛኞቹ ትክክል አይደሉም፤ አንዳንዶቹም ያለ ጥፋቱ ሰው ያስወቅሳሉ።

«የሚቸገሩት ኮምፒውተር በደንብ ያልቻሉት ናቸው»

እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። ጀማሪ እያንዳንዱን አዝራር አንብቦ ስለሚነካ አዲሱም አሮጌውም ለእሱ እኩል ነው። የሠለጠነው ሰው ግን አያነብም፤ እጁ ዓይኑን ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ቦታው ወይም ትርጉሙ የተለወጠ ቁልፍ መጀመሪያ የሚያሰናክለው እሱኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የወጣውን ፎቶሾፕ ሲሲ 2019 እንውሰድ። ከዚያ በፊት አንድን ምስል ሳይጣመም ለማሳነስ ወይም ለማሳደግ «ሺፍት»ን ይዞ ጥጉን መጎተት ግድ ነበር። ፎቶ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያደርገው ቤቱ ይቁጠረው። በአዲሱ እትም ምስሉ ያለ «ሺፍት»ም ቁመቱና ስፋቱ ተመጣጥኖ ይለወጣል፤ «ሺፍት» ሲያዝ ደግሞ ሚዛኑ ይለቀቅና ይጣመማል። ማለትም የትናንቱ ጥንቃቄ የዛሬ ጥፋት ሆነ። ሳቢያን አካባቢ ባለች አንዲት ፎቶ ቤት ይህ ለውጥ የገባው የሠርግና የምርቃት ሥራ በተደራረበበት ሰሞን ነበር። ልጁ ፈጣን ነው፤ ፍጥነቱ ጠላት ሆነበት። አንዲት እናት የታተመውን ጉርድ ፎቷቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ራቅ አድርገው አዩና «አንተ ልጅ፣ ይህ ፊት የማን ነው?» አሉት። ጉንጫቸው ወደ ጎን ተለጥጦ ነበር። ልጁ ያደረገው በትክክል የተማረውን ነው።

በዚያው እትም «ኮንትሮል ዜድ»ም ተቀየረ። ቀድሞ አንዴ ሲነካ የመጨረሻውን ሥራ ይመልሳል፣ ሁለተኛ ሲነካ ያንኑ መልሶ ያስቀምጣል። ፊት የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች እየደጋገሙ በመንካት «በፊት» እና «በኋላ»ን ያነጻጽሩበት ነበር። ከለውጡ ወዲህ በነኩት ቁጥር አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያነጻጸሩ መስሏቸው ሥራቸውን ያፈርሳሉ። በሌሎች ፕሮግራሞች ያለው ልማድ ይኸው ስለሆነ ለጀማሪ አዲሱ ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ዋጋውን የከፈለው ግን ሥራውን የሚያውቀው ሰው ነው። መፍትሔው ቅንብሮቹ ውስጥ አለ፤ ከኪቦርድ አቋራጮች መስኮት «ዩዝ ሌጋሲ አንዱ ሾርትከትስ» (Use Legacy Undo Shortcuts)፣ ከአጠቃላይ ምርጫዎች ደግሞ «ዩዝ ሌጋሲ ፍሪ ትራንስፎርም» የሚሉትን መምረጥ ነው። ሁለቱም የቆየውን ጠባይ ይመልሳሉ።

«ሰው ለውጥ ስለማይወድ ነው፤ ትንሽ ታገሥ፣ ትለምደዋለህ»

ይህ አባባል ግማሽ እውነት ስላለው ነው ዕድሜው የረዘመው። ነገሩ ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው ወደ ኋላ ባልተመለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ከታች በግራ ጥግ የነበረውን «ስታርት» አዝራር አጠፋው። በዓመቱ ዊንዶውስ 8.1 አዝራሩን መለሰ፤ በ2015 ዊንዶውስ 10 ሜኑውንም ጭምር መለሰ። ኦፊስ 2007 ደግሞ «ፋይል» የሚለውን ሜኑ በአንዲት ክብ ምልክት ተካው። ማስቀመጡም ማተሙም ያለው እዚያ ውስጥ ሆኖ ሳለ ምልክቷ የድርጅቱን አርማ ስለምትመስል ብዙ ሰው ጌጥ ናት ብሎ አለፋት። በኦፊስ 2010 «ፋይል» የሚለው ቃል ወደ ቦታው ተመለሰ። ትዕግሥት ብቻ የሚፈታው ችግር ቢሆን ይህ ሁሉ ባላስፈለገ።

በሌላ በኩል ያው ኦፊስ 2007 ያመጣው ሪበን፣ ማለትም በሜኑ ፋንታ ከላይ የተዘረጋው የአዝራሮች ረድፍ፣ እስካሁን አለ፤ ሰውም ለምዶታል። እኔ ሪበኑን የማየው እንደ ከዚራ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘኑ የታወቀ፣ እንግዳ ሰው ሳይጠይቅ የሚሄድበት። የድሮው ሜኑ ደግሞ እንደ መጋላ ሰፈር ነበር፤ ጠመዝማዛ፣ ግን እዚያ ያደገ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚያልፍበት። ከዚራ ቆንጆ ነው ብሎ የመጋላን ልጅ «አንተ መንገድ አታውቅም» ማለት ግን ተገቢ አይደለም።

ስለ አጠቃቀም ምቹነት የሚናገረው አይሶ 9241-11 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም ነገሩን የሚያየው በዚሁ መልክ ነው። ምቹነት የሚለካው ለተወሰነ ተጠቃሚ፣ ለተወሰነ ዓላማ፣ በተወሰነ የሥራ ሁኔታ ውስጥ ነው ይላል። ለማን እንደሆነ ሳይነገር «አዲሱ ይቀላል» ማለት ስለዚህ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ነው።

«አዝራር ከቀነሰ ቀለለ»

ቀነሰ ማለት ወዴት ሄደ? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 አንድ ፋይል ላይ በቀኝ ሲጫኑ የሚወጣውን ዝርዝር አሳጠረው። «ኮፒ»፣ «ከት»፣ «ሪኔም» እና «ዲሊት» ቃላቸው ጠፍቶ ትንንሽ ሥዕሎች ብቻ ሆኑ። ከቀረው ውስጥ ብዙው «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ከሚለው በስተጀርባ ተደበቀ። ስክሪኑ ጸዳ፤ ሥራው ግን አንድ ጠቅታ ጨመረ። ጥቂት ፋይል ለሚነካ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ በፍላሽ የሚያመጣውን ፋይል ሲገለብጥ ለሚውል የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ግን የድካም ምንጭ ነው። ኋላ ላይ ከሥዕሎቹ ሥር ቃላት ተጨመሩላቸው፤ ሥዕል ብቻውን አልበቃም ማለት ነው። ለማንኛውም ፋይሉን መርጦ «ሺፍት» እና «ኤፍ 10»ን አንድ ላይ መጫን ሙሉውን የድሮ ዝርዝር ያወጣል።

«ስታርት» አዝራርም ወደ መሐል ሄደች። ላይ ላዩን ሲያዩት የውበት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ፖል ፊትስ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳየው ወደ አንድ ዒላማ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ በርቀቱና በዒላማው መጠን ይወሰናል። የስክሪኑ ጥግ ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው፤ ማውሱን በኃይል ቢወረውሩት እንኳ ቀስቱ ከጥጉ አያልፍም፤ ስለዚህ ሳያነጣጥሩ ይደርሱበታል። መሐል ላይ ያለች አዝራር ግን ተነጣጥሮ ነው የምትገኘው። ይባስ ብሎ ፕሮግራሞች በተከፈቱ ቁጥር ወደ ግራ ትንሸራተታለች። ከቅንብሮች «ታስክባር» ውስጥ ገብቶ አሰላለፉን ወደ ግራ መመለስ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ሲጠፋ ነው የሚገርመኝ።

«የማይነካ ትዕዛዝ የማያስፈልግ ትዕዛዝ ነው»

ሠሪዎች የትኛው አዝራር ስንት ጊዜ እንደተነካ ይቆጥራሉ። ማይክሮሶፍት ሪበኑን ሲያዘጋጅ በዎርድ 2003 ላይ ባደረገው ቆጠራ «ፔስት»፣ «ሴቭ»፣ «ኮፒ»፣ «አንዱ» (Undo፣ የሠሩትን መመለሻ) እና «ቦልድ» ብቻቸውን ከጠቅላላው አጠቃቀም 32 በመቶ ያህሉን ይዘው ተገኝተዋል። ቁጥሩ ጠቃሚ ነው። የሚናገረው ግን ስለ ድግግሞሽ እንጂ ስለ አስፈላጊነት አይደለም።

የአንድ ትምህርት ቤት የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ በዓመት አንድ ሰሞን ብቻ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ከኤክሴል ሮስተር ስምና ውጤት አውጥታ በእያንዳንዱ ተማሪ ካርድ ላይ ለማተም «ሜይል መርጅ»ን ትከፍታለች። በቀሩት ወራት አትነካውም። በቆጠራው ላይ ከምንም የማይቆጠር ትዕዛዝ ነው። ያ ትዕዛዝ ቦታውን ለቆ ቢሰወር ግን የድሬዳዋ ሙቀት በሚያነድበት ቀን በር ላይ የሚሰለፈው ወላጅ ነው። በዚያ ላይ ኢንተርኔት ያልተገናኘ ኮምፒውተር የአጠቃቀም መረጃ የሚልክበት መንገድ የለውም፤ የእኛ ዓይነቱ ተጠቃሚ በቆጠራው ውስጥ ድምፁ የሚሳሳው ለዚህም ነው።

«የተማርኩት ሁሉ ከንቱ ሆነ»

አልሆነም። ሜኑው ቢፈርስም ቁልፎቹ ብዙ ጊዜ አሉ። በኤክሴል «አልት»፣ ከዚያ «ኢ»፣ ከዚያ «ኤስ» ብሎ ልዩ ፔስት መክፈት የተለመደው በ2003ቱ ሜኑ ዘመን ነበር፤ ሜኑው ጠፍቶም ይሠራል። የሒሳብ ሠራተኞች እንዲህ ያሉትን ቢጽፉና ለተተኪ ቢያስተምሩ ማውስ ከመፈለግ ይገላግላል።

«እንግዲያውስ አሮጌውን ይዞ መኖር ነው»

ይህ ደግሞ የባሰ ነው። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020፣ የዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የደኅንነት ማስተካከያ በማይደርሰው ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ቤት መሥራት በቫይረስ መጫወት ነው። መልኩ ያስቸገረው ሰው ስሪቱን ሳይሆን መልኩን ይቀይር። ሊብሬ ኦፊስ የተባለው የኦፊስ አማራጭ ለምሳሌ የድሮውን የሜኑና የመሣሪያ ረድፍ እንደ መነሻ ይዞ፣ ሪበን የሚመስለውንም በምርጫ ያቀርባል፤ ተጠቃሚው የፈለገውን ይወስዳል። ሌሎች ለምን እንዲህ እንደማያደርጉ አይገባኝም።

«ኢንተርኔት ስለማልከፍት ለውጡ አይነካኝም»

በእኛ ከተማ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በኢንተርኔት ሳይሆን በፎርማት ነው። ኮምፒውተሩ ሲዘገይ ለጥገና ይሄዳል፤ ባለሙያው አዲስ ዊንዶውስና አዲስ ኦፊስ ጭኖ በማግስቱ ይመልሰዋል። ሌላው ዓለም በየደረጃው የተለማመደውን ለውጥ የእኛ ጸሐፊ በአንድ ሌሊት ትቀበለዋለች። ከዚያ «ማሽኑን አበላሽታዋለች» ትባላለች። ከፎርማት በፊት የትኛው ስሪት እንደሚጫን መጠየቅና የነበረውን ዴስክቶፕ በስልክ ፎቶ ማንሣት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ከፎርማት በኋላ አማርኛ የሚጽፉ ሰዎች የሚገጥማቸው ሌላ ነገርም አለ። ሁለት ገጽ የነበረው ውል ሦስት ይሆናል፤ ፊርማው ብቻውን ወደ መጨረሻው ገጽ ይወርዳል፤ ፕሪንተሩ ይወቀሳል። ጥፋቱ የፕሪንተሩ አይደለም። «ኒያላ» የተባለው የአማርኛ ፎንት በዊንዶውስ ቪስታ ዘመን ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ጀመር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን በምርጫ የሚጨመር ክፍል ሆኗል። ስለዚህ በአዲስ ጭነት ላይ ላይኖር ይችላል፤ ሌላ ፎንት ሲተካው የፊደሉ ስፋት ይለያይና መስመሮቹ ይገፋፋሉ። ከቅንብሮች «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን መርጦ መጫን ነው፤ ለዚህ ግን ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ ከስልክ ኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል።