"የኛ ጉድጓድ ሞልቶ አያውቅም" ለምትሉ

በፍሳሽ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። ሠርግ ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ ሥራዬን ጠይቆ መልሱን የሰማ ሰው አንድ ነገር ሳይል አይለቀኝም። "የኛ ጉድጓድ እኮ ሞልቶ አያውቅም!" ልጁ ማትሪክ እንዳለፈለት ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው የሚነግረኝ።

ወገኖቼ፣ ሞልቶ የማያውቅ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። በቃ።

እስቲ እንደምር። አምስት ሰው ያለበት ቤት ነው እንበል። አንዱ በቀን 50 ሊትር ውሃ ብቻ ቢጠቀም 250 ሊትር ይሆናል። በ40 ቀን 10,000 ሊትር። አንድ መጣጭ መኪና ሙሉ ማለት ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ጉድጓድ ታዲያ የት አደረሰው?

ቀበና ወንዝ ዳር አንዲት እማማ ቤት ሄደን ነበር። "ልጄ፣ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በእጁ ያስቆፈረው ነው። የተባረከ ጉድጓድ ነው" አሉኝ። ክዳኑን ስናነሳ በረከቱ ታየ፤ ጎኑ ላይ የተቀበረች ቱቦ፣ ቀጥ ብላ ወደ ወንዙ። ቡና እየቀዱልን እኮ ሲያማርሩ የነበረው ስለ ወንዙ ሽታ ነው!

ለነገሩ ሁሉም ቱቦ የለውም። በደንብ የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ ውሃውን ማሳለፍ አለበት። ደረቁ ነገር ታች ይዘቅጣል፣ ፈሳሹ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ያልፋል። ዝቃጩ ግን የትም አይሄድም። በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ካልተመጠጠ እሱም ማለፍ ይጀምራል። ወለሉ ያልተለሰነ ጉድጓድ ደግሞ ቀጥታ ወደ መሬት ይሰርጋል። አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ሌላ ከአቃቂ በኩል የጉድጓድ ውሃም ትጠጣለች። ከሽንት ቤት ወደ ከርሰ ምድር የሚወርደው ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ቀለምም ሽታም የለውም። ማፍላትም አያጠፋውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን እሱ ይበረታል። ጨቅላ ሕፃን ላይ ደግሞ አደገኛ ነው።

"በረኪና ድፉበት፣ ሽታው ይጠፋል" የምትሉም አላችሁ። ዝቃጩን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱን ነው የምትገድሉት።

"ያው ዲቹም የፍሳሽ መስመሩም አንድ ነው።" አይደለም! መንገድ ዳር ያለው ዲች የዝናብ ነው፤ የገባበት ሁሉ ሳይጣራ ወንዝ ይገባል። የፍሳሹ መስመር ነው ወደ ማጣሪያ የሚሄደው። ከተማው ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ስለሚያዘቀዝቅ ከፒያሳ የተለቀቀው ቁልቁል ወደ ቃሊቲው ማጣሪያ ይወርዳል። እዚያም "ኬሚካል ነው የሚያጠራው" ይባላል። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን ባክቴሪያዎች ናቸው።

"ወንዝ እኮ በራሱ ይጠራል" የሚለውስ? ግማሽ እውነት ነው። ወንዝ የሚጠራው በቂ ውሃና ኦክስጅን ሲኖረው ነው። በበጋ የግንፍሌን ድልድይ ስትሻገሩ ወደ ታች እዩ እስቲ። የቀበናም ሆነ የቀጨኔ ውሃ በአቃቂ ወንዞች በኩል አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። ሐይቁን የወረረው እምቦጭ የሚወፍረው በምን ይመስላችኋል? በኛው ፍሳሽ ውስጥ ባለው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ነው። ከዚያ ወደ አዋሽ ይቀጥላል።

አሁን ጉድጓዳችሁን ልታዩ ተነስታችኋል መሰለኝ። ክዳኑን ስትከፍቱ አታጎንብሱ፣ ክብሪትም አትጫሩ። ሰው ደግሞ በፍጹም እንዳይገባ። ጋዙ ሽታ ሳይሰጥ ይጥላል፤ የወደቀውን ላውጣ ያለም አብሮ ይቀራል። የሚያፈስ ከመሰላችሁ ማቅለሚያ ያለበት ውሃ ሽንት ቤት ውስጥ ድፉና ወንዙ ዳር ሰው አቁሙ። ለመጣጭ መኪና መጋቢት ላይ ደውሉ። ሐምሌ ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነው የሚደውለው።