«ፔሳሜ መስጠት»፦ ማሰብና ሚዛን ምን አገናኛቸው?

ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ለቅሶ ሲደርሱ «ፔሳሜ ሰጠ» ይባላል። ቃሉ ሲፈታ «ፔሳ» ይከብዳል፣ «ሜ» ደግሞ እኔን ነው። ሐዘንህ እኔንም ከብዶኛል እንደ ማለት። ደስ የሚል አባባል ነው፤ እኛስ «ከባድ ሐዘን» እንል የለ?

ይሄ «ፔሳ» የመጣው ፔሳር ከሚለው ግስ ነው፤ መመዘን፣ መክበድ ማለት ነው። ማሰብ ደግሞ ፔንሳር ነው። ልዩነታቸው አንዲት «ን» ብቻ ናት፣ ምክንያቱም ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናታቸው የጥንት ሮማውያን ቋንቋ የሆነው የላቲኑ ፔንሳሬ ነው። ሕዝቡ በንግግር ከ«ስ» በፊት የምትመጣውን «ን» እየዋጠ ፔሳር አደረገው፣ የማሰቡን ትርጉም የያዘው ግን ለመጽሐፍ ላቲን ስለቀረበ «ን»ዋን እንደያዘ ቀረ። ጣልያንኛም እንዲሁ ነው፤ ማሰብ ፔንሳሬ፣ መመዘን ፔሳሬ።

ፔንሳሬ ራሱ የወጣው ፔንዴሬ ከሚል ግስ ነው። እሱ መመዘንም መክፈልም ነው፣ ከመንጠልጠል ጋርም ዘመዳሞች ናቸው። ግራ የሚያጋባ ከሆነ በእጅ አንጠልጥለው የሚይዙትን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አስቡት። ጥንት ሮም ውስጥ ሳንቲም ሳይመጣ በፊት ገንዘቡ ነሐስ ስለነበር፣ ዕዳ የሚከፈለው ነሐሱ በሚዛን ተመዝኖ ነበር። የሜክሲኮና የአርጀንቲና ገንዘብ የሆነው ፔሶም ትርጉሙ «ክብደት» ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ፔንሳሬ ዝም ብሎ መመዘን ሳይሆን ደጋግሞ መመዘን ነው። አማርኛም ልክ እንደዚያው አድርጓል! መዘነ ካልን ገበያ ላይ ነን። «ዘ»ን ደግመን አመዛዘነ ስንል ግን ነገሩ ጭንቅላት ውስጥ ገባ። «እስቲ አመዛዝነህ ወስን» ሲሉን ኪሎ የሚያስብ የለም። ሮማውያንና እኛ ሳንነጋገር አንድ መንገድ ሄደናል።

«አሰበ» የሚለው ቃላችን ግን ከሚዛን አልመጣም። ግእዙ ሐሰበ ነው፤ ቆጠረም አሰበም ማለት ነው። የጾምና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ትምህርት ባሕረ ሐሳብ የተባለው ለዚህ ነው፣ እዚያ ላይ ሐሳብ ማለት ቁጥር ነው። ምግብ ቤት ተቀምጠን በልተን ስንጨርስ አስተናጋጁን «ሒሳብ!» ብለን የምንጠራበትም ቃል ሥሩ ያው ነው።