«ሁሉም መሄድ ነው?»፦ ስለ እንግሊዝኛ የመልቀቅና የመውጣት ቃላት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፈተና ሲቃረብ ከደሴ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የማይጠፋ ወረቀት አለ፤ «ተመሳሳይ ቃላት» የሚል። ሊቭ፣ ዲፓርት፣ ዊዝድሮው፣ ሪትሪት፣ ኩዊት፣ ሪዛይን፣ ሪታየር ተደርድረው በየመሀላቸው የእኩል ምልክት ተሰምሮባቸዋል። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ ፈተናው ላይም አንዳንዴ ይሠራለታል። ወረቀቱ የማይናገረው ግን ብዙ ነው፦ መሄዱን የወሰነው ማን ነው? የወጣው ከምንድን ነው? መመለስስ ይችላል? እንግሊዝኛው ቃሉን የሚመርጠው እነዚህን አይቶ ነው።

«ዊዝድሮው ማለት ብር ማውጣት ነው»

ይህን ያስለመደን ኤቲኤም ነው። ብር ማውጣት ከቃሉ ሥራዎች አንዱ እንጂ ዋናው አይደለም። ክሱን ያነሳ፣ ከምርጫ ውድድር ራሱን ያገለለ፣ የተናገረውን መልሶ የሳበ፣ ጦሩን ያስወጣ ሁሉ «ዊዝድሮው» አድርጓል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው መነሻው ላይ ባለው «ዊዝ» ነው፤ ዛሬ «ጋር» ማለት ስለሆነ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግን ትርጉሙ «በተቃራኒ» ነበር። «ዊዝስታንድ» መቋቋም፣ «ዊዝሆልድ» ደግሞ ይዞ አለመስጠት የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። «ድሮው» መሳብ ነውና፣ ሲገናኙ ወደ ኋላ መሳብ ይሆናል። ሐኪሞች «ዊዝድሮዋል» የሚሉት ደግሞ ሱስ ያስያዘው ነገር ሲቋረጥ ሰውነት የሚያሳየውን ምልክት ነው። ከቀትር በኋላ ጫቱ የቀረበት ሰው ስለ ሐራራ ሲያወራ ከዚሁ ሠፈር ሩቅ አይደለም።

«ዊዝድሮውም ሪትሪትም ሽንፈት ነው»

እዚህ ላይ የወሎ ታሪክ ራሱ ጥሩ አስተማሪ ነው። ሚያዝያ 1860 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ አምባን ሰብሮ ገባ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ። ጦሩም የመጣላቸውን እስረኞችና የዘረፈውን ቅርስ ይዞ ወደ ዙላ ወደብ ተመለሰ። ይህ መመለስ ዊዝድሮው ነው። አሸናፊም ዊዝድሮው ያደርጋል። ሪትሪት ግን ሊባል አይችልም፤ ከኋላ የገፋው ጠላት አልነበረምና።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ የሆነው የተለየ ነው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጦር ውጊያው ከከሸፈበት በኋላ ወደ ደቡብ ሲመለስ የጣሊያን አውሮፕላን እየተከታተለ ይደበድበው ነበር። ይህ ሪትሪት ነው። የሚገርመው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ጉዞ፣ የመያዝ አደጋ እያለ፣ መንገዳቸውን ወደ ላሊበላ ቀይረው ለጸሎት መቆየታቸው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህንንም ሪትሪት ቢለው የሚነቅፈው የለም፤ ቃሉ ከሰው ተለይቶ በጸሎት መቀመጥንም ይይዛልና። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ሱባኤ የገባ መነኩሴ፣ ኸልዋ የገቡ ሼኽ፣ በረመዳን መጨረሻ ዐሥር ቀናት መስጊድ ለኢዕቲካፍ የተቀመጠ ምእመን ማንም አላሸነፋቸውም። (የመሥሪያ ቤት «ሪትሪት» የሚባለው ደግሞ አበል ያለው ሱባኤ ነው።)

በዜና ላይ ሲሆን ግን «ዊዝድሮው» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ ማንበብ ይሻላል። ታኅሣሥ 2014 በሰሜኑ ጦርነት አንደኛው ወገን ከአማራና ከአፋር ክልሎች በራሴ ውሳኔ ዊዝድሮው አደረግሁ ሲል፣ ሌላው ወገን ተመትተው ነው የወጡት አለ። ቃሉን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ወገን ራሱ ነው።

«ሪዛይን እንደ ሳይን ይነበባል፤ ያው ሥራ መልቀቅ ነው»

ይህ ስህተት ትርጉሙን ይገለብጠዋል። ሥራ መልቀቅ «ሪዛይን» ነው፤ መሀሉ ላይ «ዛ» ይሰማል። «ሪሳይን» ካልን ግን እንደገና ፈረመ ማለት ይሆናል፤ ውል አራዘመ እንደምንለው። በጽሑፍ የሚለያያቸው አንዲት ሰረዝ ብቻ ናት። የኳስ ዜና የሚያነብ ሰው ይህችን ሰረዝ ካላያት ክለቡ ጋር የቀጠለውን ተጫዋች ለቀቀ ብሎ ያወራል።

ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ሊለቅ ያሰበ ወጣት ደብዳቤው ላይ «ኩዊት» ብሎ መጻፍ የለበትም፤ ለወሬ እንጂ ለደብዳቤ የሚሆን ቃል አይደለም። ይባስ ብሎ ሆሄያቱ ከተዛነፉ «ኳይት» ይሆንና ጸጥታ አመለክታለሁ ብሎ ቁጭ ይላል። «ሪዛይን» ብሎ ቀኑን ይጻፍ፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበትና። «ሪታየር» በዕድሜ ጡረታ መውጣት ነው፤ የ25 ዓመት ልጅ ሪታየር አደረግሁ ሲል ሰሚው ሎተሪ የደረሰው ይመስለዋል።

«ከደሴ ወጣሁ ለማለት ሌፍት ፍሮም ደሴ ማለት ግድ ነው»

አማርኛው «ከ» ስላለው እንግሊዝኛውም «ፍሮም» የሚፈልግ ይመስለናል። ቦታውን ትቶ መሄድ «አይ ሌፍት ደሴ» ነው፤ በቃ። «ፍሮም» የሚመጣው መነሻውን ለመጠቆም ነው፤ አውቶቡሱ ከየትኛው መናኸሪያ ይነሳል ሲባል። ይበልጥ የሚያሳስተው «ፎር» ነው። «ሌፍት ደሴ» ደሴን ለቆ ወጣ፣ «ሌፍት ፎር ደሴ» ደግሞ ወደ ደሴ ጉዞ ጀመረ። «ፎር» ተዘልላ መልእክት ከተላከ ወልድያ ላይ ያለ ሰው ደሴን አልፎ ሄዷል ተብሎ ምሳው ይቀርበታል። «ሌፍት ቱ» የምንለው የአማርኛችን «ወደ» ሾልኮ ገብቶ ነው።

«ኦን ሊቭ ያለ ሰው ሥራ ለቋል»

አልለቀቀም፣ ዕረፍት ላይ ነው። ስም የሆነው «ሊቭ» ከግሡ ጋር ድምፁ ይመሳሰል እንጂ ሥሩ ሌላ ነው፤ ትርጉሙም ፈቃድ ነው። በዚያው አዋጅ አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለው፤ «አኑዋል ሊቭ» የሚባለው ይህ ነው። «ቴክ ሊቭ» ተሰናበተ ማለት የሆነውም ሄያጁ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቅ ስለነበር ነው። ይህ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አቦሉን ጠጥቶ «ፍቀዱልኝ» ብሎ የተነሳ እንግዳ «ኧረ ወላሂ፣ በረካው ሳይደርስ የት ልትሄድ?» ተብሎ መልሶ ይቀመጣል።

«ዊዝድሮው የሞላ ተማሪ ትምህርቱን አቋርጧል»

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ዊዝድሮው የሞላ በሕጋዊ መንገድ ወጥቶ ለመመለስ የሚያመለክትበትን በር ክፍት አድርጓል። ድሮፕ አውት ያደረገ ዝም ብሎ ቀርቷል። ዲስሚስ የተደረገውን ያስወጣው ተቋሙ ነው። ታሞ ወይም ቤተሰብ ችግር ገጥሞት ፎርሙን ሳይሞላ ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚወርደው ሳያውቀው ነው።

ሳዑዲ የሠራ የወሎ ልጅ ይህን ልዩነት ያለ መዝገበ ቃላት ያውቀዋል። «ኤግዚት ሪኤንትሪ» ይዞ የወጣ የተሰጠው ጊዜ ሳያልፍ ይመለሳል። «ፋይናል ኤግዚት» የተመታበት ግን ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) አብሮ ያበቃል፤ ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልገዋል።

«ዲፓርት የሊቭ ጨዋ መልክ ነው፤ የትም ይገባል»

ለአውሮፕላንና ለአውቶቡስ ሰዓት ሰሌዳ ይሁን። ስለ ሰው ሲሆን ግን ጠንቀቅ በሉ፤ «ዲፓርትድ» ሟች ማለትም ነው። ጃማ ንጉሥ ወደሚባለው የወሎ መዘየሪያ ለዝየራ የወረዱትን አያትህን «ማይ ዲፓርትድ ግራንድፋዘር» ብለህ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ከጻፍክ፣ ለቅሶ ሊደርስ የሚደውለውን ሁሉ አንተው መልስለት።