አውሮፓ ውስጥ የቤት ቆሻሻ የሚለየው እንዴት ነው?

በቤት ቆሻሻ ሪሳይክል ጉዳይ የአውሮፓ አገሮች በጣም ይራራቃሉ። ጀርመን ከምትሰበስበው የከተማ ቆሻሻ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ሪሳይክል ታደርጋለች። ሩማንያ 15 በመቶ እንኳ አትሞላም። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) 55 በመቶ፣ እስከ 2035 ደግሞ 65 በመቶ ድረሱ ብሎ ለአባላቱ ግብ አስቀምጧል።

ልዩነቱን የሚያመጣው የሕዝቡ ጨዋነት አይመስለኝም። ኪስን የሚነካ ነገር መኖሩና ለመለየት የሚመች ገንዳ ደጅ ላይ መገኘቱ ነው። ጀርመን ውስጥ ማሸጊያው ወደ ቢጫው፣ የምግብ ትራፊው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቡናማው ገንዳ ይገባል፤ ጠርሙስ በየቀለሙ ተለይቶ መንገድ ዳር ወዳለው መያዣ ይጣላል (እሁድ ግን አይቻልም፣ ጎረቤት ይረብሻል!)። ከዚህ ሁሉ በላይ ጉልበት ያለው ግን ፕፋንድ የሚሉት ማስያዣ ነው፦ ከ2003 ጀምሮ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን የውሃ ፕላስቲክ ወይም የቢራ ጣሳ ሲገዙ 25 የዩሮ ሳንቲም ያስይዛሉ፣ ባዶውን ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ውስጥ ሲከቱ ይመለስልዎታል፣ እርስዎ ቢጥሉት እንኳ ሌላው ለሳንቲሙ ሲል ያነሳዋል።

ስሎቬኒያ የምትገርም ናት። ዋና ከተማዋ ልዩብልያና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ትቀብር ነበር። የሚለየውን ከየደጁ መሰብሰብ ጀመረች፣ ኋላም ቅይጡ ቆሻሻ የሚነሳበትን ቀን አራራቀችው። ሳይለይ የሚያጠራቅም ሰው ሽታውን ራሱ ይችለዋል። አሁን ከቆሻሻዋ ሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ተለይቶ ይሰበሰባል።

ብሪታኒያ ውስጥ እንግሊዝ ለዓመታት በሪሳይክል 44 በመቶ አካባቢ ተገትራ ስትቀር ጎረቤቷ ዌልስ ከ60 አልፋለች። ዌልስ ለማዘጋጃ ቤቶቿ በሕግ ግብ አስቀመጠች፤ ካላሟሉ ቅጣት አለ፣ የምግብ ትራፊም በየሳምንቱ ከደጅ ይነሳል።

ስዊድንን በተመለከተ የሚወራውን ትንሽ ጠርጠር ማድረግ ጥሩ ነው። ከቤት ቆሻሻዋ የምትቀብረው 1 በመቶ አይሞላም፣ ከውጭ ሳይቀር ታስገባለች። ነገር ግን ግማሽ ያህሉ የሚቃጠለው ለቤት ማሞቂያና ለመብራት ነው፣ እሱ ደግሞ ሪሳይክል ተብሎ አይቆጠርም።

ሩማንያም በ2023 መጨረሻ ለመጠጥ ጠርሙስና ጣሳ 50 ባኒ (የሩማንያ ሳንቲም) ማስያዣ ጀምራለች። ጥሩ ነው፣ ግን ጠርሙስ ብቻውን ሩቅ አያደርስም። በቤት ቆሻሻ ውስጥ ሚዛን የሚደፋው የምግብ ትራፊ ነው፤ እሱን ለይቶ መሰብሰብ ከ2024 ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች ሁሉ ግዴታ ሆኗል።