ስለ አኩሪ አተር ወተት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጾም ሲገባ በድሬዳዋም በሐረርም ካፌዎች የጾም ማኪያቶ ይታዘዛል፤ ወተቱ ብዙውን ጊዜ የአኩሪ አተር ነው። የላም ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰውም ይጠጣዋል። ስለዚህ ወተት የሚወራው ግን ከፊሉ ያለ ምክንያት ያስፈራል፣ ከፊሉ ያለ ልክ ያወድሳል። ልጅ በሚያድግበት ቤት ሁለቱም ጉዳት አላቸው።

«ነጭ ውሃ ነው፤ ምግብነት የለውም»

በደንብ ከተዘጋጀ አንድ ብርጭቆው (240 ሚሊ ሊትር ገደማ) 7 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። የላም ወተት 8 ግራም ነው። የአኩሪ አተር ፕሮቲን ደግሞ ሰውነት የሚፈልጋቸውን አስፈላጊ አሚኖ አሲዶች በሙሉ የያዘ ነው፤ ከዕፅዋት ምግቦች መካከል ይህን የሚያሟሉት ብዙ አይደሉም።

ወሳኙ የውሃው መጠን ነው። 100 ግራም ደረቅ አኩሪ አተር 36 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይይዛል። አንድ ሊትር ወተት ብቻ ካወጣችሁበት ጥሩ ነው፤ ሁለት ሊትር ካደረጋችሁት ግን እያንዳንዱ ብርጭቆ ግማሹን ያጣል። «ውሃ ነው» የሚለው ወሬ ለቀጠነ ወተት እውነት ነው።

«ፕሮቲኑ ከተቀራረበ የላምን ወተት ሙሉ በሙሉ ይተካል»

አይተካም። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት 300 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ሲኖረው፣ ቤት የተሠራ የአኩሪ አተር ወተት የዚህን ሩብ ያህል እንኳ ላይኖረው ይችላል። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ጭራሽ የለውም። በፋብሪካ የታሸገው ሁለቱም ተጨምረውበት ሊሆን ስለሚችል የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ካልሲየሙ ወደ ታች ስለሚዘቅጥም ከመቅዳታችሁ በፊት በደንብ በጥብጡት።

ካልሲየሙን በጤፍ፣ በጎመንና በሰሊጥ መደጎም ይቻላል። ቢ12 ግን ከእንስሳት ተዋጽኦ ወይም ከተጨመረበት ምግብ ካልሆነ አይገኝም። በፍስክ ጊዜ እንቁላል፣ ሥጋና ወተት የሚያገኝ ጤነኛ አዋቂ የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም አያሳስበውም፤ ጉበት ክምችት አለው። እርጉዝና የምታጠባ እናት ግን ጤና ባለሙያ ታማክር።

«ጡት የማይጠግብ ሕፃን የአኩሪ አተር ወተት ይሰጠው»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን የአኩሪ አተርም የላምም ወተት ዋና መጠጥ መሆን የለበትም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ከዚያ ከጡት ጋር ተጨማሪ ምግብ። ከአኩሪ አተር የሚሠራ የሕፃናት የዱቄት ወተት አለ፤ እሱ ለሕፃን ተብሎ ብረቱም ቫይታሚኑም ተለክቶ የተዘጋጀ ሌላ ነገር ስለሆነ በሐኪም ምክር ይሰጣል። ቤት ወይም ካፌ ከተፈላው ጋር ማምታታት ሕፃኑን ያቀጭጨዋል።

«ወንድነትን ያዳክማል»

በአኩሪ አተር ውስጥ ከሴት ሆርሞን ጋር የሚመሳሰል፣ ኃይሉ ግን በጣም ደካማ የሆነ ንጥረ ነገር አለ። የተደረጉት ጥናቶች በተለመደው መጠን መጠጣቱ የወንድን ሆርሞን እንደማይቀንስ አሳይተዋል። ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ለእንቅርት ችግር የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን ለሚወስድ ሰው ነው፤ አኩሪ አተር የክኒኑን መመጠጥ ስለሚቀንስ በክኒኑና በወተቱ መካከል ሰዓታት ማራቅ አለበት።

«ጥሬውን መፍጨት ንጥረ ነገሩን ያቆያል»

ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለውና ሆድ ያውካል። በድሬዳዋ ሙቀት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት መዘፍዘፍ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ መኮምጠጥ ይጀምራል። ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል ሌሊቱን ማሳደር ይቻላል። ቅርፊቱን አሽታችሁ አስወግዱና በቀዝቃዛ ሳይሆን በፈላ ውሃ ፍጩት፤ ብዙዎች የሚጠሉት የጥሬ ባቄላ ሽታ የሚፈጠረው በቀዝቃዛ ውሃ ሲፈጭ ነው። በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ እሳት ላይ ስትጥዱት፣ ሳይፈላ አረፋው ገንፍሎ ያታልላል። እሳቱን ቀንሱ፣ እያማሰላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አፍሉት። ተጠልሎ የቀረው ፋይበርና ፕሮቲን ስላለው አትጣሉት፤ ከዳቦ ሊጥ ጋር ይቦካል።

«የላም ወተት ሆድ ከነፋ የግመል ይሻላል»

በአካባቢያችን የግመል ወተት ሞልቷል፤ ጥሩ ምግብም ነው፣ በቫይታሚን ሲ የላምን ይበልጣል። ሆድ የሚነፋው የወተት ስኳር፣ ላክቶስ፣ ግን በግመልም ወተት ውስጥ ከላም ጋር በተቀራረበ መጠን አለ። የአኩሪ አተር ወተት ላክቶስ የለውም። እርጎም ከትኩስ ወተት ያነሰ ላክቶስ ስላለው ብዙዎችን አያስቸግርም። የላምም ሆነ የግመል ወተት ሳይፈላ መጠጣት ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

«ቡና ውስጥ ከተቆራረጠ ተበላሽቷል»

የግድ አይደለም። የቡናው አሲድና ሙቀት አንድ ላይ ፕሮቲኑን ያረጉታል። ወተቱን መጀመሪያ አሙቁና ቡናውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩበት። ይኸው ጠባዩ ይጠቅማልም፦ በትኩስ የአኩሪ አተር ወተት ላይ ሎሚ ጨምቃችሁ የረጋውን በጨርቅ ብታጠሉት፣ በጾም በሚጥሚጣ ተጠብሶ የሚበላ እንደ አይብ ያለ ነገር ይወጣዋል። ቅቤ ግን ቢናጥም አይወጣውም። የተበላሸውን የሚለየው ሽታው ነው፤ ፍሪጅ ከሌለ የፈላውን በዕለቱ ጨርሱት።