የኤሊ ጉልበተኝነት ምንድን ነው?

ሁለት ኤሊዎች ተለጣጥፈው ሲተኙ ያየ ሰው "ሲዋደዱ!" ይላል። ፎቶም ያነሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፍቅር አይደለም። ሁለቱም የፈለጉት ያችኑ ሞቃት ጥግ ነው። ጉልበት ያለው ሌላውን ይገፋል፤ ሲብስም ጀርባው ላይ ወጥቶ ይተኛበታል።

የኤሊ ጉልበተኝነት ይሄ ነው፤ ሰው ቤት አብረው ከሚያድጉት ኤሊዎች አንዱ ሌላውን ከምግብ፣ ከሙቀትና ከመደበቂያ ሲያባርር። ችግሩ ድምፅ የለውም። ውሻ ቢሆን ያጉረመርማል። ኤሊ ግን ዝም ብሎ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ሰላጣ ሲቀርብ ሳህኑ ፊት ይገተራል፣ ራሱ ባይበላም። ሌላው አንገቱን ብቅ ያደርጋል፣ ያያል፣ መልሶ ይከታል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ጥግ ይይዛል። ከወራት በኋላ አንዱ ሲያድግ ሌላው ባለበት ቀርቷል። ባለቤቱም "ይሄኛው ሲፈጥረው ድንክ ነው" ብሎ ያልፋል።

አፍጥጦ የሚታየውም አለ። ሱልካታ የሚባለውን ትልቁን ኤሊ እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ በየጓሮው ይረባል፤ አገሩ ግን ከሰሃራ በታች ያለው ደረቅ ምድር ነው፣ የእኛንም አገር ይጨምራል። ወንዱ ከአንገቱ ሥር እንደ ማረሻ ወደ ፊት የወጣ የቅርፊት ጫፍ አለው። በዚያ ተቀናቃኙን ከሥር ገብቶ ይገለብጠዋል። የተገለበጠ ኤሊ ፀሐይ ላይ ከቆየ ሊሞት ይችላል። ነገሩ የወንዶች ብቻ አይደለም፤ ሴቶችም፣ ገና ጫጩቶችም ይጋፋሉ።

ክፉ ስለሆኑ ነው? አይመስለኝም። ኤሊ በዱር አብዛኛውን ዕድሜውን ብቻውን ነው የሚኖረው። ቢጣላም የተሸነፈው ይሄዳል፤ አለቀ። ሳጥን ውስጥ ግን ወዴት ይሂድ? ጠቡ ማብቂያ የለውም። "ብቻውን እንዳይደብረው" ተብሎ የሚገዛው ሁለተኛ ኤሊ መከራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጥንድ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ ዱላው ሁሉ አንዱ ላይ ያርፋል።

(ብቸኛ ማለት ግን ደንቆሮ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ ቀይ እግር የሚባሉት ኤሊዎች ጓደኛቸው አጥር ዞሮ ምግብ ጋ ሲደርስ አይተው መንገዱን ተምረዋል።)

መፍትሔው መለየት ነው። ቦታ ማስፋት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ሲለዩም ዓይንህን ላፈር እንደተባባሉ ሰዎች ነው፤ መተያየት የለባቸውም። በመስታወት ከተለዩ ጉልበተኛው ቀኑን ሙሉ መስታወቱን ሲገፋ ይውላል። ጣውላ ይሻላል።