ማን የበለጠ ይጎዳል? የዲ ኤንድ ዲ ክላሶች በቁጥር ሲነጻጸሩ

ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ በአጭሩ ዲ ኤንድ ዲ፣ ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህርይ ይይዛሉ። ገጸ ባህርዩ ምን እንደሚችል በዋናነት የሚወስነው ክላሱ ነው። ፋይተር በመሣሪያ የሚተማመን ተዋጊ ነው። ዊዛርድ አስማትን ከመጽሐፍ የተማረ ነው። ሮግ አድብቶ የሚወጋ ነው። ፓላዲን በመሐላ የታሰረ ባለ ጥሩር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአምስተኛው እትም የተጫዋቾች መጽሐፍ 12 ክላሶች አሉት።

ተጫዋቾች ከተሰበሰቡ አንድ ክርክር አይቀርም። ከሁሉም ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው የቱ ክላስ ነው? እኔ ጥያቄውን እወደዋለሁ። ብዙዎች ግን ክላሱን ብቻ ጠርተው መልስ ይጠብቃሉ። ጉዳት እንደ ቁመት ክላሱ ላይ ተለጥፎ የሚኖር ነገር አይደለም። የጠላት ብዛት፣ የጥሩሩ ጥንካሬና በቀኑ ውስጥ ያለው የእረፍት ብዛት ሲቀየሩ አሸናፊውም ይቀየራል። ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል

በዚህ ጨዋታ አንድ ዙር 6 ሰከንድ አካባቢ ነው ተብሎ ይታሰባል። የኮምፒውተር ጌም ተጫዋቾች ጉዳትን በሰከንድ ይቆጥራሉ። ጠረጴዛ ላይ ግን የሚቆጠረው በዙር ነው። ሁሉም በተራው ስለሚንቀሳቀስ፣ ጥያቄው "በአንድ ተራ በአማካይ ስንት?" የሚል ይሆናል።

ለማጥቃት ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል። በወጣው ቁጥር ላይ የገጸ ባህርዩ ጭማሪ ይደመራል። ድምሩ ከጠላት የጥሩር ቁጥር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ተመታ ማለት ነው። ከዚያ የጉዳቱ ዳይስ ይጣላል። የባለ 6 ገጽ ዳይስ አማካይ 3.5 ነው። የባለ 8 ገጽ 4.5፣ የባለ 10 ገጽ ደግሞ 5.5 ነው። ባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ ራሱ 20 ከወጣ ክሪቲካል ይባላል፤ የጉዳቱ ዳይስ ብዛት እጥፍ ይሆናል። ቋሚው ጭማሪ ግን አይባዛም። ብዙ ሰው ስሌቱን የሚያበላሸው እዚህች ጋ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ገጸ ባህርዩ ደረጃ 5 ላይ ነው። ዋና ችሎታው 18 ስለሆነ 4 ይጨምርለታል፤ በልምዱ ደግሞ 3 ያገኛል። ሲያጠቃ በድምሩ 7 ይጨምራል ማለት ነው። የጠላት የጥሩር ቁጥር 15 ይሁን። ዳይሱ ላይ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ ይመታል። ይህም 65 በመቶ ነው።

ፋይተሩ በሁለት እጅ የሚያዝ ትልቅ ሰይፍ ይዟል። ጉዳቱ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ሲደመር 4 ነው። በአማካይ 11 ይሆናል። በ65 በመቶ ሲባዛ 7.15 ነው። የክሪቲካሉ ድርሻ 0.35 ሲጨመር 7.5 ይመጣል። በዚህ ደረጃ ፋይተር በተራው ሁለቴ ስለሚያጠቃ 15 ይሆናል። 15 ለንጽጽር የምትመች ቁጥር ነች፤ ከዚህ በኋላ ሌሎቹን የምንለካው በእሷ ነው።

ዋርሎክ ከኃያል ፍጡር ጋር ውል ገብቶ አስማት ያገኘ ሰው ነው። ኤልድሪች ብላስት የሚባለው ጨረሩ አያልቅበትም። ደረጃ 5 ላይ ሁለት ጨረር ይወረውራል። እያንዳንዱ ባለ 10 ገጽ ዳይስ ነው፤ ተጨማሪ ችሎታ ከመረጠ 4 ይደመርለታል። ይህ ብቻ 12.9 ይሰጣል። ሄክስ የሚባለውን እርግማን ጠላቱ ላይ ካስቀመጠ እያንዳንዱ ምት ሌላ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ያገኛል። ያኔ 17.8 ይደርሳል። ከሰይፈኛው በለጠ ማለት ነው፣ ያውም ከሩቅ ቆሞ። ግን ለሄክሱ ትኩረቱን መጠበቅ አለበት። ተመትቶ ትኩረቱ ከተሰበረ እርግማኑ ይጠፋል።

የሮግ ጉዳይ ከሁሉም ይጣፍጣል። የድብቅ ጥቃቱ በአንድ ተራ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ደረጃ 5 ላይ ሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጨምርለታል። በቀጭን ሰይፍ አንዴ ሲወጋ አማካዩ 19 ነው፤ መሳቱ ሲታሰብ 13.1 ይሆናል። ከፋይተሩ ያነሰ ነው። ነገር ግን በሁለት እጁ ሁለት አጫጭር ሰይፍ ቢይዝ የመጀመሪያው ሲስት ሁለተኛ ዕድል አለው። የሁለተኛው እጅ ምት በራሱ ትንሽ ነች። ጥቅሟ የድብቅ ጥቃቱ ሳይባክን እንዲቀር ማድረጓ ነው። በዚህ መንገድ 17.4 ይደርሳል። ተደብቆ ከወጋ ደግሞ ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ይወስዳል። ያኔ በአንዱ ቀጭን ሰይፍ ብቻ 18.1 ያገኛል። ክላሱም ደረጃውም አንድ ነው። የተለየው የመሣሪያው ምርጫና የቆመበት ቦታ ነው።

ጥሩሩ ሲጠነክር

በ2014ቱ እትም ግሬት ዌፐን ማስተር የሚባል አማራጭ ችሎታ ነበር። ከባድ መሣሪያ የያዘ ሰው ከማጥቂያው ላይ 5 ይቀንስና ከመታ 10 ተጨማሪ ጉዳት ያደርሳል። በቀስትና በሌላ ተወርዋሪ መሣሪያ የሚሠራ ተመሳሳዩም ነበር፤ ሻርፕሹተር ይባላል። ስለ ጉዳት በተነሳ ቁጥር እነዚህ ሁለቱ ሳይጠቀሱ አይታለፍም ነበር።

የእኛ ፋይተር 15 ጥሩር ያለው ጠላት ላይ ይሞክረው። የመምታት ዕድሉ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ሲመታ ግን 21 ነው። በተራ 17.5 ያወጣል፣ ከ15 ይሻላል። አሁን የጠላት ጥሩር 18 ይሁን። ያለ ችሎታው 11.7 ያገኛል። በችሎታው ግን 11.2። አትራፊ የነበረው ምርጫ ኪሳራ ሆነ። የተቀየረው ፋይተሩ ሳይሆን ፊቱ የቆመው ጠላት ነው።

ባርባሪያን፣ በቁጣ የሚዋጋው ክላስ፣ እዚህ ላይ ይጠቀማል። ራሱን ሳይከላከል በኃይል ሲያጠቃ ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ስለሚወስድ፣ የ5 ቅናሹ ብዙም አይጎዳውም። ጠላቶቹም በቀላሉ ይመቱታል፤ እሱ ግን በቁጣ ላይ እያለ ከመሣሪያ የሚደርስበት ጉዳት በግማሽ ይቀንስለታል።

የእረፍት ጉዳይ

የእሳት ኳስ፣ ፋየርቦል፣ የዚህ ጨዋታ በጣም ታዋቂው ድግምት ሳይሆን አይቀርም። ዊዛርድ ደረጃ 5 ሲደርስ ያገኘዋል። ስምንት ባለ 6 ገጽ ዳይስ፣ በአማካይ 28 ነው። 20 ጫማ ራዲየስ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያቃጥላል፣ የራስን ጓደኛ ጭምር። ጠላት ዘሎ ለማምለጥ ዳይስ ይጥላል፤ ከተሳካለት ግማሹን ብቻ ይቀበላል። ከአስሩ አራቱ ያመልጣሉ ብንል ለአንድ ጠላት 22.4 ይመጣል።

ችግሩ ይህ ድግምት አላቂ መሆኑ ነው። ደረጃ 5 ላይ ያለ ዊዛርድ ሁለቴ ብቻ ይወረውራል። አጭር እረፍት ካገኘ በቀን አንዴ አንድ ተጨማሪ መመለስ ይችላል። ሲያልቅበት ወደ ትንሿ የእሳት ውርወራ ይመለሳል። እሷ በተራ 7.7 ነች፣ የፋይተሩ ግማሽ ያህል።

አሁን ሁለቱን ቀን ሙሉ እናወዳድር። እያንዳንዱ የእሳት ኳስ ሁለት ጠላት ያገኛል፣ አንድ ውጊያ አራት ዙር ይፈጃል እንበል። ትናንሾቹን ድግምቶች ዊዛርዱ ለመከላከያ ያስቀምጣቸው። ፋይተሩም በእያንዳንዱ እረፍት መካከል አንዴ በተራው እጥፍ ማጥቃት ይችላል፤ ይህ አክሽን ሰርጅ ይባላል።

በቀኑ አንድ ውጊያ ብቻ ካለ ዊዛርዱ 105 ያደርሳል። ፋይተሩ 75። ዊዛርዱ በሰፊው በለጠ።

በቀኑ ስድስት ውጊያና ሁለት አጭር እረፍት ካለ ደግሞ ዊዛርዱ በሦስት የእሳት ኳስና በ21 ትንንሽ ውርወራ 296 ገደማ ያደርሳል። ፋይተሩ 405። የበላይነቱ ሙሉ በሙሉ ዞረ።

ይህ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። የ2014ቱ የጨዋታ መሪ መጽሐፍ አንድ ቡድን በአንድ ቀን ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ውጊያዎችን ሊወጣ እንደሚችል ይናገራል። በተግባር ግን ብዙ ቡድኖች በቀን አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ውጊያ ይመርጣሉ። ታሪኩ እንዲፈስ ስለሚፈልጉ ነው። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ላይ ፋይተር የያዘ ሰው "ክላሴ ደካማ ነው" ብሎ ቢያዝን እውነት አለው። መፍትሔው ያለው ግን ክላሱ ጋ ሳይሆን ቀኑን የሚያዘጋጀው መሪ ጋ ነው። ከዚህ ሁሉ ክርክር አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህችን ነጥብ እመርጣለሁ።

ፓላዲን ከሁለቱ መሃል ነው። በ2014ቱ ሕግ ምቱ ካረፈ በኋላ የአስማት አቅሙን አውጥቶ መለኮታዊ ቁጣ ይጨምርበታል። ትንሹ ሁለት ባለ 8 ገጽ ዳይስ ነው። ከመታ በኋላ ስለሚወስን አይባክንበትም። ክሪቲካል እስኪወጣ ጠብቆ ቢያወርደው እነዚያም ዳይሶች እጥፍ ይሆናሉ። ደረጃ 5 ላይ የቀኑን አቅም ሁሉ ለዚህ ቢያውለው በአማካይ 63 ተጨማሪ ጉዳት ነው። በአንድ ውጊያ ሲወርድ አስደንጋጭ ነው። በስድስት ሲከፋፈል ግን ያን ያህል አይደለም።

ነገሩ የመጣበት መንገድ

ጨዋታውን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡት ክላሶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ክለሪክ የሚባለው የሃይማኖት ሰው። ያኔ በመደበኛው ሕግ ጩቤም ይሁን ትልቅ ሰይፍ ጉዳቱ ያው አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ነበር። መሣሪያ በመሣሪያ የተለያየ ጉዳት የመጣው በ1975 ግሬይሃውክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። የሮግ ቅድመ አያት የሆነው ሌባም የገባው በዚሁ ነው።

የአስማተኛው የእሳት ኳስ ግን ከደረጃው ጋር ያድግ ነበር። ተዋጊው ቀስ እያለ ሲወጣ አስማተኛው መጀመሪያ ይንገዳገድና በኋላ ይመጥቃል። ይህ ልዩነት ለአሥርተ ዓመታት ቆይቷል። በ2008 የወጣው አራተኛው እትም በግልጽ ሊፈታው ሞከረ። ለእያንዳንዱ ክላስ የሥራ ድርሻ ሰጠ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ጉዳት የማድረስ ሥራ የሬንጀር (የዱር አዳኙ ክላስ)፣ የሮግና የዋርሎክ ሆነ። ፋይተርና ፓላዲን ተከላካይ ተባሉ። ንጹህ መፍትሔ ነበር። ብዙ ተጫዋቾች ግን ክላሶቹ ተመሳሰሉ ብለው አልወደዱትም። አምስተኛው እትም ድርሻዎቹን ከስማቸው ጋር ተወው።

በሠንጠረዥ የማይታየው

ክለሪክ በጉዳት ሠንጠረዥ ላይ ብዙ ጊዜ ታች ነው። ግን ብለስ የሚባል ቡራኬ አለው። ሦስት ጓደኞቹ ሲያጠቁ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ይጨመርላቸዋል። አማካዩ 2.5 ነው፣ የመምታት ዕድልን በ12.5 በመቶ ነጥብ ያሳድጋል። የእኛ ፋይተር ከ15 ወደ 17.75 ይወጣል። ግሬት ዌፐን ማስተር የሚጠቀመው ደግሞ ከ17.5 ወደ 22.75። ያ 5.25 የማን ነው? ሠንጠረዡ ለፋይተሩ ይጽፈዋል። እኔ ብሆን ለክለሪኩ እጽፈው ነበር።

ጠላትን ማፍዘዝም እንዲሁ ነው። አራት ጠላት ለሁለት ዙር የሚያደነዝዝ ድግምት ጉዳቱ ዜሮ ነው። ግን ስምንት የጠላት ተራ አጥፍቷል።

የ2024 ለውጥ

በ2024 የተሻሻለው የተጫዋቾች መጽሐፍ እነዚህን ስሌቶች እንደ አዲስ አስጀምሯቸዋል። የፓላዲን መለኮታዊ ቁጣ ራሱን የቻለ ድግምት ሆኖ በተራ አንዴ ብቻ ይሠራል። በሁለት ምት ሁለቴ ማውረድ ቀረ። ግሬት ዌፐን ማስተርም ያንን የ5 ቅናሽ ተወው። አሁን በተራ ላይ በከባድ መሣሪያ ለተመታ ሁሉ የልምድ ጭማሪውን ብቻ ይደምራል፤ ደረጃ 5 ላይ 3 ማለት ነው። የእኛ ፋይተር 15 ጥሩር ላይ 18.9፣ 18 ጥሩር ላይ ደግሞ 14.7 ያገኛል። በሁለቱም ትርፍ ነው፣ ቁማሩ ጠፋ።

ትልቁ ሰይፍም ግሬዝ የሚባል አዲስ ባሕርይ አግኝቷል። ይህን ችሎታ የተካነ ፋይተር ሲስት እንኳ 4 ጉዳት ያደርሳል። በስሌታችን ይህ ብቻ በተራ 2.8 ይጨምራል።